«ፍሬን በጠሰብኝ» ሰበብ አይሆንም!

ዛሬ የማወራው ስለ ዘር አይደለም፣ ስለ ፒካፕ ነው። «አንተ የግብርና ባለሙያ ነህ፣ መኪና ምን አገባህ?» የሚል አይጠፋም። ያገባኛል! ወራት የለፋችሁበት ሽንኩርት ገበያ የሚደርሰው በዚያች ፒካፕ ነው። እናንተም ከጭነቱ በላይ ተቀምጣችሁ ነው የምትሄዱት።

በቅርቡ ገላን ኮንዶሚኒየም አጠገብ ሽንኩርት የጫነች ፒካፕ መቆም አቅቷት የአሸዋ ክምር ውስጥ ገባች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልሞተም። ሹፌሩ ወርዶ «ፍሬን በጠሰብኝ» አለ። ከላይ የነበሩት ገበሬዎችም «የቀን ጎዶሎ ነው» ብለው ተቀበሉት።

እኔ ግን ጎንበስ ብዬ ከስር አየሁ። ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው የፍሬን ቱቦ በዝገት ተበልቷል። የጎማው የውስጥ ገጽ በዘይት ርሶ አቧራ ተጋግሮበታል። ይሄ የአንድ ቀን ነገር ነው እንዴ? የወራት ነው! የፒካፕ ፍሬን ሁለት መስመር አለው፤ አንዱ ሲያፈስ ሌላው ትንሽ ይይዛል። ሹፌሩም «ይይዛል እኮ» እያለ በግማሽ ፍሬን ሙሉ ጭነት ይነዳል።

ቱቦውን ምን በላው? በአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት 5 ሚሊዮን ገደማ በሚሆኑ የጄኔራል ሞተርስ ፒካፖችና መሰል መኪኖች ላይ የቱቦ ዝገት ሲመረምር ቆይቶ በ2007 ዓ.ም ዘጋው። ጉዳዩ የእርጅና ነው ብሎ ባለቤቶች ከስር እንዲያጥቡና እንዲያስፈትሹ መከረ። እዚያ ቱቦውን የሚበላው በበረዶ መንገድ ላይ የሚበተን ጨው ነው። እኛ ጋ በረዶ የለም፣ ማዳበሪያ ግን አለ። ከተቀደደ ጆንያ የፈሰሰ ዩሪያና ኤንፒኤስ ከእርጥበት ጋር ብረት ይበላል። የከብት ሽንትም እንደዚያው። የእኛ ጥቁር ጭቃ ደግሞ ከስር ተለጥፎ እርጥበቱን ይዞ ይከርማል።

ሌላው ጥፋት ባሌስትራ መጨመር ነው። ፒካፕ በአብዛኛው የሚችለው 10 ኩንታል ገደማ ነው፤ ልኩ ሊብሬው ላይ ተጽፏል። ባሌስትራ ጨምረው 15 እና 16 ይጭናሉ። ባሌስትራው ጭነት ቢሸከም ፍሬኑ አልጨመረም! እንዲያውም ብዙ የቆዩ ፒካፖች ላይ የመኪናው ጀርባ ዝቅ ሲል ለኋላ ፍሬን ግፊት የምትጨምር ቫልቭ አለች። ባሌስትራ ሲበዛ ጀርባው አይወርድም። ቫልቯም መኪናው ባዶ ነው ብላ የኋላውን ፍሬን ትቀንሳለች።

«ቦሎ አለው» አትበሉኝ። ቦሎ መስታወት ላይ ይለጠፋል እንጂ ቱቦ አይደፍንም። «ጋራዥ ውድ ነው» የሚል ባለመኪናም እሰማለሁ። ታዲያ የኪራዩን ብር የሚቀበለው ለምንድነው?

እናንተም ከመጫናችሁ በፊት ይህንን እዩ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፦

1. ሞተር ተነስቶ ሹፌሩ ፍሬን ረግጦ አንድ ደቂቃ ይያዝ። መርገጫው ቀስ እያለ ከሰመጠ አትጫኑ።
2. ኮፈኑን አስከፍቱ። የፍሬን ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ የሆነ ቦታ እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ውሃ ወይም የሞተር ዘይት የሚጨምርበትን ሹፌር ሸሹት።
3. የአራቱንም ጎማ የውስጥ ገጽ እዩ። ርጥብ ከሆነ አለቀ።
4. ትንሽ ዳገት ላይ በእጅ ፍሬን ብቻ ይቁም። ዋናው ሲጠፋ የሚቀረው እሱ ነው።

ባለመኪኖች ደግሞ ማዳበሪያ ወይም ከብት በጫናችሁ ማግስት ከስር በውሃ እጠቡ። የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ቀይሩ። ዘይቱ እርጥበት ይጠጣል፤ የጠጣ ዘይት ቁልቁለት ላይ ሲግል ቶሎ ይፈላና መርገጫው ባዶ ይሆናል።

አውቃለሁ፣ «አትክልቱ ይበሰብሳል፣ ሌላ መኪና የለም» ትላላችሁ። እውነት ነው፣ ለብቻ እምቢ ማለት ይከብዳል። ግን ወደ አቃቂ ወይም ወደ ሃይሌ ጋርመንት አብራችሁ የምትጭኑ አምስት ሆናችሁ እምቢ በሉ። እናንተ ሳትኖሩ ያ ሹፌር ምን ሊጭን ነው? የበሰበሰ ሽንኩርት በቀጣዩ መስኖ ይተካል። ከጭነት ላይ የወደቀ አባወራ አይተካም።

ለሹፌር ወዳጆቻችሁም ሼር አድርጉላቸው። ቢቆጡም ይቆጡ!