ከ18 ዓመት በኋላ ማን ይረከባቸው?

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ በየብሎካችን ያለ፣ ሁላችንም የምናየው፣ ግን እንዳላየን ሆነን የምናልፈው ነው። አካል ጉዳት ያለባቸው ወጣቶቻችን ትምህርት ሲጨርሱ ወዴት ነው የሚሄዱት?

እኛ እዚህ ካኩማ የምናስተምር ስደተኛ መምህራን ነን። ከዓመታት በፊት መስማት የተሳነው አንድ ልጅ ወደ ክፍላችን መጣ። ሲመጣ የምልክት ቋንቋ አያውቅም ነበር። ከእናቱ ጋር የሚግባባው ሁለቱ ራሳቸው በፈጠሩት የእጅ ምልክት ብቻ ነው። ቀስ በቀስ የኬንያን ምልክት ቋንቋ ተማረ፤ ማንበብና መጻፍ ቻለ፤ የ8ኛ ክፍል ፈተናም ተፈተነ። ያን ቀን እናቱ ቡና አፍልተው ጠሩን። «ልጄን ሰው አደረጋችሁልኝ» ብለው መረቁን። እኛም ሥራችን አለቀ ብለን ደስ ብሎን ወጣን።

ለካስ አላለቀም። ያ ልጅ ዛሬ 22 ዓመቱ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ቤት ተቀምጧል። እጁ ሥራ ያውቃል፤ የጎረቤቱን ሬዲዮና ስልክ ፈትቶ ይጠግናል። የሙያ ሥልጠና ሊመዘገብ ሄዶ «አስተርጓሚ የለንም» ተባለ። ሌላ ቢሮ ሲሄድ «ይሄ የልጆች ፕሮግራም ነው፣ አንተ 18 አልፈሃል» አሉት። ሦስተኛው ቢሮ ስሙን መዝግቦ «ስልክ ጠብቅ፣ እንደውልልሃለን» አለው። መስማት የማይችልን ሰው ስልክ ጠብቅ ማለት ምን ማለት ነው? የሰማ ሁሉ ይስቃል፤ እናቱ ግን አልሳቁም።

ይህ የአንድ ልጅ ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ገጽ ላይ ባላወጣነው ነበር። ዊልቸሯ በአሸዋው ላይ ተሰብሮ፣ የሚጠግነው ጠፍቶ፣ ከግቢ ሳትወጣ የምትውል ወጣት አለች። ማየት የተሳነው፣ እስከ ሁለተኛ ደረጃ የተማረ፣ አሁን ግን ወንድሙ ካልመራው ገበያ እንኳ የማይደርስ ወጣት አለ። ልጅ ሳሉ መዝገብ ላይ ነበሩ። 18 ሲሞላቸው ከልጆቹ መዝገብ ወጡ፤ የወጣቶቹ መዝገብ ግን አልተቀበላቸውም። ቢሮው ወደ ቢሮ ያሳያል፤ ነገሩ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሆኗል።

እውነት እንነጋገር ከተባለ ጥፋቱ የቢሮዎች ብቻ አይደለም። እኛም መምህራን አለንበት። ልጁ ሲጨርስ ወረቀቱን ሰጥተን ከስም መጥሪያው ላይ ሰረዝነው። ቀጥሎ ማን እንደሚረከበው አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅንም።

አንዳንድ ሰው «ስደተኛ ምን መብት አለው? የተሰጠውን ይቀበል እንጂ» ይላል። ይህ ስህተት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2006 ጸድቋል፤ ኬንያ በ2008፣ ኢትዮጵያ ደግሞ በ2010 ተቀብለውታል። አንቀጽ 11 በጦርነትና በሰብዓዊ ቀውስ ጊዜም አካል ጉዳተኞች ጥበቃ እንዲያገኙ ያዛል። አንቀጽ 27 ስለ ሥራና ስለ ሙያ ሥልጠና ይናገራል። የ2010 የኬንያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 54 ማንኛውም አካል ጉዳት ያለበት ሰው ትምህርት የማግኘት፣ በምልክት ቋንቋና በብሬል የመጠቀም መብት እንዳለው ጽፏል። «ማንኛውም አካል ጉዳት ያለበት ሰው» ነው ያለው፣ ዜጋ ብቻ አላለም።

ጉዳዩ ዛሬ የባሰበት ምክንያትም አለ። ራሽን ደጋግሞ ተቀንሷል። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ ቤተሰብ እንደ ችግሩ መጠን በምድብ ተከፍሎ እርዳታ መስጠት ተጀመረ። በምድብ ሲከፈል በትክክል ያልተቆጠረ ሰው ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ከ6 ሰው አንዱ ከፍተኛ የአካል ጉዳት አለበት። ታዲያ በየብሎኩ የምናውቃቸው ሁለት ሦስት ብቻ ለምን ሆኑ? በዓይን የሚታየውን ብቻ ስለምንቆጥር ነው። ዊልቸር ላይ ያለው ይታያል፤ የማይሰማው፣ ነገር የሚረሳው፣ መግባባት የሚያቅተው አይታይም።

ስለዚህ ይመለከታቸዋል ለምንላቸው ሁሉ አራት ነገር እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ ምዝገባው በዓይን ግምት አይሁን። በብዙ አገር የሚሠራባቸው ስድስት አጫጭር ጥያቄዎች አሉ፤ ስለ ማየት፣ መስማት፣ መራመድ፣ ማስታወስ፣ ራስን ማጠብና ማልበስ፣ እንዲሁም ስለ መግባባት ይጠይቃሉ። ለመጠየቅ ደቂቃዎች ይበቃሉ።

ሁለተኛ፣ ርክክብ ይኑር። ተማሪው ከመጨረሱ አንድ ዓመት በፊት መምህሩ፣ ቤተሰቡና የሙያ ሥልጠናው ኃላፊ አብረው ይቀመጡ። ወጣቱም ራሱ ይኑርበት። ስም፣ ፍላጎትና የሚያስፈልገው ድጋፍ በአንድ ወረቀት ይጻፍ፤ ተረካቢው ይፈርም።

ሦስተኛ፣ በየሥልጠናው ለአካል ጉዳተኛ ወጣቶች ቦታ ይያዝ። የምልክት ቋንቋ የሚያውቁ ወጣቶች በካምፑ አሉ፤ በኢንሴንቲቭ ተቀጥረው ያስተርጉሙ።

አራተኛ፣ የዊልቸር ጥገና እዚሁ ይሠራ። ብስክሌትና ሞተር የሚጠግኑ ልጆች አሉን። ዕቃና ጥቂት ሥልጠና ቢያገኙ ለራሳቸውም እንጀራ ይሆናቸዋል።

ለኮሚኒቲያችን ደግሞ የምንለው አለን። እናቶች፣ አባቶች፣ እንግዳ ሲመጣ ልጃችሁን ወደ ጓዳ አታስገቡት። «እሱ አይችልም» ብላችሁ በእሱ ፈንታ አትመልሱ። የብሎክ ሊደሮችም ስብሰባ ስትጠሩ በድምፅ ማጉያ ብቻ አትጥሩ፤ የማይሰማው ሰው ቤት አንድ ሰው ላኩ። ይህ በጀት አይጠይቅም።

እኛ መምህራን ከራሳችን ጀምረናል። ባለፉት ዓመታት ያስተማርናቸውንና ዛሬ ቤት የተቀመጡትን ስም ዝርዝር እያዘጋጀን ነው። በቤታችሁ ወይም በጎረቤት እንዲህ ያለ ወጣት ካለ ትምህርት ቤት መጥታችሁ አስመዝግቡ። ዝርዝሩን ይዘን አብረን ደጅ እንጠናለን። መጀመሪያ ላይ የሚጻፈው የዚያ ሬዲዮ ጠጋኝ ስም ነው። እናቱ በድጋሚ ቡና እንዲያፈሉልን አንፈልግም፤ ለልጃቸው የሥራ ቦታ ሲገኝ እኛው እናፈላለን።