የቅዳሜና የእሑድ ዕረፍት

ዕረፍት ማለት ሥራ መፍታት ብቻ አይደለም። ባለፈው ቅዳሜ ከእናታችን ጋር ተቀምጠን በስንደዶና በአክርማ ሙዳይ ስንሰፋ ዋልን፤ ወስፌው ቢወጋንም እጃችን ቀስ በቀስ ለመደ። ማታም በ1957 ዓ.ም. የተሠራውን የመጀመሪያውን ረዥም የአማርኛ ፊልም፣ «ሂሩት አባቷ ማነው?» የተባለውን ተመለከትን፤ አርእስቱ ራሱ ጥያቄ ነውና ሌሊቱ እስኪጋመስ ስንከራከርበት ቆየን።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በደብሩ ቅጥር ግቢ ለነዳያን ምግብ ለማደል ቃል ገብተን ነበር፤ ነገር ግን አረፈድን። አንዲት ባልቴት የኛን ድርሻ ብቻቸውን ተሸክመው አገኘናቸው። «ልጆቼ፣ ምነው ደኅና አደራችሁ?» ቢሉን አፍረን ዝም አልን።

ያልተጨረሰ ሙዳይ ይቈያል፤ ፊልምም ይደገማል፤ የተራበ ሰው ግን እስክንነቃ አይጠብቅም። ስለዚህ፣ አንባቢያን ሆይ፣ የዕረፍት ቀናችሁን ስትከፋፍሉ አስቀድማችሁ ቃል የገባችሁበትን ለዩ።