መረቁ ለታማሚ፣ ሥጋውስ ለማን?

በአዲስ አበባ ሆስፒታሎች የጥየቃ ሰዓት ሲቃረብ በሩ ላይ የሚሰለፈው ሰው ባዶ እጁን አይመጣም። ብርቱካኑ በፌስታል፣ ምሳ ዕቃው በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ፔርሙዙ በብብት ተይዞ ነው። ፔርሙዙ ውስጥ ያለው ሻይ ካልሆነ አጥሚት፣ አጥሚት ካልሆነ የአጥንት መረቅ መሆኑን የበሩ ጥበቃ ሳይከፍትም ያውቀዋል። ቀዶ ሕክምና ያደረገው፣ የወለደችው፣ እግሩ በጀሶ የታሰረው ሁሉ ትራስ ተደግፎ “እስቲ ይቺን ፉት በላት” ይባላል።

መረቁ የወጣበት ሥጋ ግን ብዙ ጊዜ ቤት ቀርቷል። ከአጥንቱ የተላቀቀውን ቁራጭ ጤነኛው ቤተሰብ በእንጀራ ይበላዋል። ነገሩ ንፍገት አይደለም። ሥጋ ለታማሚ ይከብዳል፣ ኃይሉም ቢሆን ወደ መረቁ ወጥቶ አልቋል ተብሎ ስለሚታመን ነው። የዚህ ጽሑፍ ጠብ ከዚህ እምነት ጋር ነው እንጂ ከመረቁ ጋር አይደለም። መረቅ ቤት ውስጥ ሊሠራ የሚገባው፣ ወጪው ትንሽ፣ ጣዕሙ ብዙ የሆነ ምግብ ነው። የሥጋ ምትክ ተደርጎ ለደካማ ሰው ሲቀርብ ግን ሆድ ሞልቶ አካልን ያስርባል።

መጀመሪያ ድስቱ ይጣድ።

ጥሩ መረቅ ሥጋ ቤት ይጀምራል። “ለቅቅል” ብሎ የጠየቀ ደንበኛ ጎድንና ቅልጥም ተደባልቆ ይመዘንለታል፤ ዋጋውም ከቁርጥና ከጥብስ ሥጋ ዝቅ ይላል። ለመረቅ ግን ዝነኛው ቅልጥም ብቻውን አይበቃም። ቅልጥም የሚሰጠው መዓዛና ስብ ነው። መረቁን የሚያወፍረው በመገጣጠሚያው ዙሪያ ያለው ጅማትና ለስላሳው አጥንት ነውና ጉልበት፣ እግርና ጭራ ቢገኝ ይመረጣል። ከ2 ኪሎ አጥንት ሁለት ሦስተኛው መገጣጠሚያ፣ ቀሪው ቅልጥም ቢሆን መልካም ነው። በመጥረቢያ የተፈለጠ አጥንት ስብርባሪ ይዞ ስለሚመጣ በቀዝቃዛ ውኃ ደጋግሞ ማጠብ የግድ ይላል።

የታጠበው አጥንት 4 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ተጨምሮበት በመጠነኛ እሳት ይጣዳል። ሲሞቅ ከላይ የሚሰበሰበው ግራጫ አረፋ ብዙዎች እንደሚሉት ቆሻሻ ሳይሆን በሙቀት የረጋ ፕሮቲን ነው። ቢሆንም መረቁን ያደፈርሰዋልና በጭልፋ እየተገፈፈ ይወጣል። ከዚያ እሳቱ ይቀነሳል። መረቅ መገንፈል የለበትም፤ ቀስ ብሎ መንተክተክ አለበት። በኃይል ሲፈላ ስቡ ከውኃው ጋር ይመታና ነጭ ይሆናል። ኮሪያውያን ሶሎንግታንግ የሚሉትን የበሬ አጥንት ሾርባ ሲሠሩ ይህን ነጭነት ፈልገው ያመጡታል፤ ኩልል ያለ መረቅ የሚወድ ግን እሳቱን ይጠብቅ። ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይቆያል። ሽንኩርቱ፣ ካሮቱ፣ ዝንጅብሉና ቁንዶ በርበሬው በመጨረሻው ሰዓት ይገባሉ፤ ቀድመው ከገቡ መዓዛቸው በእንፋሎት ያልቃል። የጥብስ ቅጠሉና ቃርያው ሊወርድ ሲል ይጨመራሉ። ጨው ከሁሉም በኋላ ነው፤ ውኃው እየተነነ ሲሄድ መጀመሪያ ልክ የነበረው ጨው በስተመጨረሻ ስለሚበዛ።

አዲስ አበባ ላይ ውኃ በ100 ዲግሪ አይፈላም።

ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ውኃውም በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ባለችው ድሬዳዋ 96 ዲግሪ ይደርሳል። ደብረ ብርሃን ያለ ሰው ደግሞ ከአዲስ አበቤውም የባሰ ትዕግሥት ያስፈልገዋል። የደጋ ባለሙያ ጅማት “አልበስል አለኝ” ብላ ስታማርር ሙያዋ ጎድሎ አይደለም፤ ድስቷ ከዚያ በላይ መሞቅ ስለማይችል ነው። ፕሬዠር ኩከር ያለው ቤት ይህን ችግር በ2 ወይም በ3 ሰዓት ይገላገለዋል፤ የከሰሉንና የመብራቱንም ወጪ ይቀንሳል።

ደግሞም ፕሬዠር ኩከር ሲወለድ ጀምሮ የአጥንት ዕቃ ነው። ፈረንሳዊው ደኒ ፓፓን እ.ኤ.አ. በ1679 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያውን ሲሠራ ዓላማው አጥንትን ማለስለስ ነበር፤ በ1681 ባሳተመው መጽሐፍ ርዕስም ላይ ያንኑ ገልጿል። በቀጣዩ ዓመት የእንግሊዝ የሳይንስ ማኅበር አባላት በዚሁ ድስት የተሠራ እራት ተጋበዙ። ከታዳሚዎቹ አንዱ የነበረው ጆን ኤቭሊን ጠንካራው የበሬ አጥንት እንደ አይብ ለስልሶ መቅረቡን በማስታወሻው መዝግቧል። እንፋሎቱ ሲበዛ የሚያስተነፍሰው ቫልቭም የዚሁ የፓፓን ሥራ ነው። ዛሬ በየቤቱ የሚያፏጨው ድስት የዚያ ልጅ ነው።

ታዲያ ከዚያ ሁሉ ሰዓት በኋላ መረቁ ውስጥ ምን ገባ? መልሱ ድስቱ ሥር ይገኛል። ከ8 ሰዓት በኋላም አጥንቱ አጥንት ነው፤ አብዛኛውን ክብደቱን እንደያዘ፣ ሲመቱት እንደሚጮህ። አጥንትን አጥንት የሚያሰኘው ካልሲየም ፎስፌት በውኃ አይሟሟም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ አብዛኛው እዚያው ቀርቷል። የወጣው ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን ነው። አጥንቱንና ጅማቱን አስተሳስሮ የያዘው ይህ ፕሮቲን በሙቀትና በውኃ ተፈትቶ ጄላቲን ይሆናል፤ ጠዋት ከፍሪጅ የወጣው መረቅ እንደ ጄሎ የሚንቀጠቀጠው በእሱ ነው። ከሥጋው የተነሡ ጣዕም ሰጪ ንጥረ ነገሮች፣ ፖታሲየምና የተወሰኑ ቫይታሚኖችም ወደ ውኃው ይወርዳሉ። የሥጋው ዋና ፕሮቲን፣ ብረቱና ዚንኩ ግን በአብዛኛው ሥጋው ውስጥ ናቸው። ኃይሉ ወደ መረቁ አልሄደም። መረቁ ጣዕሙን ወሰደ፤ ሥጋው ምግብነቱን እንደያዘ ቀረ።

ይህ ስሕተት የኢትዮጵያውያን ብቻ አልነበረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፓሪስ ውስጥ ዣን ፒየር ዳርሴ የተባለ ኬሚስት ከአጥንት የሚወጣ ጄላቲን ድሃውንና ታማሚውን በርካሽ ይመግባል ብሎ ተነሣ። ሆስፒታሎች ሐሳቡን ተቀብለው የጄላቲን መረቅ ማቅረብ ጀመሩ። ቅሬታው ሲበዛ የፈረንሳይ ሳይንስ አካዳሚ በፍራንስዋ ማዣንዲ የሚመራ ኮሚሽን አቋቁሞ አስጠና። ሪፖርቱ እ.ኤ.አ. በ1841 ሲወጣ ውጤቱ ለሐሳቡ ደጋፊዎች መርዶ ነበር፤ በጄላቲን ብቻ የሚመገብ እንስሳ አይኖርም። ለምን እንደሆነ ለመረዳት የሚያግዘው ግኝት የመጣው ከ60 ዓመት በኋላ ነው። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ሆፕኪንስ በ1901 ትሪፕቶፋን የተባለውን አሚኖ አሲድ ለየ። ሰውነት ራሱ ሊሠራው የማይችለው፣ ከምግብ ብቻ የሚያገኘው ይህ አሚኖ አሲድ ጄላቲን ውስጥ የለም። የፓሪስ ታማሚዎች ሳህናቸው ሞልቶ ይቀርብላቸው ነበር፤ የጎደለው ሳህኑ ላይ አይታይም።

አጥንቱ ለተሰበረ ሰው አጥንት ማፍላትም ከዚሁ ይመደባል። አጥንት አጥንትን ይጠግናል የሚለው ሐሳብ ለጆሮ ይጥማል። እ.ኤ.አ. በ1934 ለንደን ውስጥ ማካንስ፣ ሼልደንና ዊዶውሰን ለሕፃናት ይሰጥ የነበረውን የአጥንትና የአትክልት መረቅ መርምረው ሲያትሙ፣ ካልሲየሙ ከወተት ጋር ለውድድር የማይቀርብ ሆኖ አግኝተውታል። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም ይይዛል። ስለዚህ እግሩ በጀሶ ለታሰረው ዘመድ መረቅ ይዞ የሚሄድ ሰው ክፉ አልሠራም፤ ወተት፣ አይብ፣ እንቁላልና ራሱን ሥጋውን አስቀርቶ ከሆነ ግን የሚጠግነውን ቤት ትቶ መጥቷል።

ከሁሉም የሚያሳስበው ሕፃኑ ነው። ከጡት በተጨማሪ ምግብ መጀመር ያለበት የ6 ወር ልጅ ሆዱ ትንሽ ነው፤ ቀጭን መረቅ ቶሎ ይሞላዋል። “ሥጋ ያንቀዋል” ተብሎ መረቁ በጡጦ ወይም በማንኪያ ሲሰጠው ልጁ ይጠግባል፣ ይተኛል፣ እናትም ትረካለች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ከ6 እስከ 23 ወር ያሉ ልጆች ሥጋ፣ ዓሣ ወይም እንቁላል በየቀኑ እንዲያገኙ ይመክራል። ኢትዮጵያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2019 በተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆች 37 በመቶው ቀንጭረው ተገኝተዋል። መቀንጨርን መረቅ አላመጣውም፤ ድህነቱ፣ በሽታውና የንጹሕ ውኃ እጦቱ አሉበት። ነገር ግን ሥጋ ገዝቶ ባፈላ ቤት ውስጥ ሥጋው አዋቂውን አልፎ ለልጁ የማይደርስበት ምክንያት የለም። ጅማቱ እስኪፈታ የበሰለ ሥጋ በሙቀጫ ወይም በማንኪያ ሲደቅ፣ በመረቁ ሲለወስ የማነቅ ስጋቱ ይቀንሳል።

መረቁ ቦታ የለውም ማለት አይደለም። ሐኪም ለጊዜው ፈሳሽ ብቻ ያዘዘለት ሰው፣ ማኘክ ያቃተው አዛውንት፣ የምግብ ፍላጎቱ የጠፋ ታማሚ አንድ ሲኒ ትኩስ መረቅ ሲያገኝ ላብ ይለዋል፣ አፉም ይከፈታል። ቀጣዩን ጉርሻ የሚያመጣ መረቅ ሥራውን ሠርቷል። ደም ግፊት ያለበት ጨዉን፣ ሪህ ያለበት ደግሞ መረቁን ራሱን ቢቀንስ ይሻላል፤ ሪህ የሚያስነሣው ዩሪክ አሲድ የሚፈጠርበት ፒውሪን ከሥጋ ወደ ውኃ በቀላሉ ይወርዳልና።

በሌላ ወገን ደግሞ ይኸው መረቅ አሁን በፈረንጅ አገር ዘመናዊ ሆኗል። ማርኮ ካኖራ የተባለ ሼፍ እ.ኤ.አ. በ2014 ኒው ዮርክ ውስጥ እንደ ቡና በወረቀት ኩባያ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ ነገሩ ተስፋፋ። የኮላጅን ዱቄት በቆርቆሮ ታሽጎ ቆዳ ያለሰልሳል፣ ጉልበት ያድሳል እየተባለ በስልክ ማስታወቂያ አዲስ አበባ ድረስ ይደርሳል። የተዋጠ ኮላጅን ጨጓራና አንጀት ውስጥ እንደማንኛውም ፕሮቲን ይሰባበራል እንጂ በቀጥታ ሄዶ ጉልበት ላይ አይለጠፍም። ለቆርቆሮው የሚወጣው ገንዘብ ሥጋ ቤት ቢሄድ ስንት ኪሎ አጥንት ከነሥጋው እንደሚያመጣ ማስላቱ ለገዢው ይተዋል።

ከዚያ ይልቅ አገር ቤት ያለው ልማድ ይሻላል። በረመዳን ማፍጠሪያ ላይ የሚቀርበው ሾርባ ብዙ ጊዜ መረቁን ከእህልና ከተከተፈ ሥጋ ጋር ይዞ ነው የሚመጣው። ቅቅል ከነሥጋው፣ ከነድንቹ፣ ከነካሮቱ ይቀርባል። በበዓል ቅርጫ ላይም በሬው መደብ መደብ ሆኖ ሲከፋፈል ሽንጡና ዳቢቱ ብቻ አይደለም የሚታደለው፤ አጥንቱም ለየመደቡ ይደርሳል፣ ዕጣውም በሁሉም ላይ ይጣላል። መረቅን ከሥጋው ለይቶ ለደካማ መስጠትን እነዚህ ማዕዶች አያውቁትም።

የቀረው አጠባበቁ ነው። ሌሊቱን ምድጃ ላይ ያደረ መረቅ ለባክቴሪያ ድግስ ነው፤ አንዳንዶቹ መፈላትን ተቋቁመው ሲቀዘቅዝ ይራባሉ። ስለዚህ እንደወረደ ተጠልሎ፣ በትናንሽ ዕቃ ተከፍሎ፣ ቀዝቃዛ ውኃ በያዘ ሳፋ ውስጥ ተደርጎ በ2 ሰዓት ውስጥ ወደ ፍሪጅ ይግባ። እዚያ 3 ወይም 4 ቀን ይቆያል፤ ፍሪዘር ውስጥ ደግሞ ወራት። ጠዋት ከላይ የረጋው ስብ በማንኪያ ይነሣል። የሚፈለገው ያህል ብቻ ተቀንሶ እስኪፈላ ይሞቃል።

ከዚያ ፔርሙዙ ይሞላል። አጠገቡ ደግሞ ሌላ ትንሽ ምሳ ዕቃ ትዘጋጅ፤ ከጉልበቱና ከጭራው የተላቀቀው ሥጋ በጣት ተፈልፍሎ፣ ጭልፋ መረቅ ተደርጎበት፣ ከላይ የጥብስ ቅጠል ጣል ተደርጎበት። ሁለቱም በአንድ ፌስታል ይገባሉ፤ የጥየቃው ሰዓት ሳያልፍም ትራስ ለተደገፈው ሰው ይደርሳሉ።