ለማሻ ዕድሮች፦ የደከመውን መቅጣት ይብቃን

የዕድር ዳኞች፣ ጸሐፊዎች፣ ገንዘብ ያዦች፣ እናንተም በዝናብና በጭቃ ጡሩንባ ይዛችሁ በሌሊት የምትወጡ፦ ይህ ጥሪ ለእናንተ ነው። የምንጠይቃችሁ መዋጮ አይደለም። ከመተዳደሪያ ደንባችሁ ላይ አንድ አንቀጽ እንድታሻሽሉ ነው።

በመካከላችን የማይለቅ ድካም ያለባቸው ሰዎች አሉ። ሌሊቱን ሙሉ ተኝተው ጠዋት ደክሟቸው ይነሣሉ። ከእነሱ መካከል ደግሞ አእምሯቸው ከልጅነት ጀምሮ በተለየ መንገድ የሚሠራ፣ ኦቲዝም ወይም ኤዲኤችዲ ያለባቸው፣ ይህን ስም ግን አንድም ቀን ከሐኪም አፍ ሰምተው የማያውቁ አዋቂዎች አሉ። ሐኪም ባይነግራቸውም እኛ ስም አላሳጣናቸውም፦ ሰነፍ፣ ልግመኛ፣ ኩሩ፣ ቀልበ ቢስ።

የለቅሶ ድንኳን ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው እንዴት እንደሚውል ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ዝናቡ ሸራውን ይደበድበዋል። አንድ ጥግ ሙሾ፣ ሌላ ጥግ የካርታ ጨዋታ፣ ከጓሮ የብረት ድስት ኳኳታና የእርጥብ እንጨት ጭስ። ለእኔና ለእናንተ ይህ ሁሉ ከኋላ የሚሰማ ጫጫታ ነው፤ ከአጠገባችን ያለውን ሰው ወሬ ለይተን እንሰማለን። እሱ ግን አይለይለትም። ሁሉም እኩል ይጮኽበታል። በዚያ ላይ የገባውን ሁሉ ተነሥቶ መጨበጥ፣ ፊቱ የሐዘን ፊት መሆኑን መጠበቅ፣ መቼ እንደሚቀመጥና ምን እንደሚል በልቡ ማሰላት አለበት። ሲመሽ ቤቱ ይገባል፤ ያየው ሰው ደህና ዋለ ይላል። በማግስቱም እንደ ምንም ይቆማል። በሠልስቱ ግን ከአልጋው መነሣት ያቅተዋል፤ ከመስኮት የሚገባው ብርሃን ያመዋል፣ ለጠየቁት መልስ መስጠት ራሱ ሥራ ይሆንበታል። በዚያው ሰዓት ስም ጠሪው መዝገቡን ገልጦ ስሙን ሁለቴ ይጠራና «ቀሪ» ብሎ ይጽፍበታል። በወሩ ስብሰባ ቅጣቱ ይነበባል።

ይህን ዘግይቶ መውደቅ ሕክምናው ያውቀዋል። ሥር የሰደደ የድካም ሕመም የሚባለው ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ይቆያል፤ ዋና ምልክቱም ሰውየው ከአቅሙ ካለፈ በኋላ መባሱ ሲሆን፣ የሚብሰውም ብዙ ጊዜ ወዲያው ሳይሆን ከ12 እስከ 48 ሰዓት ቆይቶ ነው። የአሜሪካ የሕክምና ተቋም በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መላ ሰውነትን የሚነካ ከባድ ሕመም መሆኑን አረጋግጧል። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ደግሞ በ2021 እ.ኤ.አ. «በየጊዜው እንቅስቃሴህን እየጨመርክ ሂድ» የሚለውን የቆየ ሕክምና ከመመሪያው አወጣ። «ተነሥተህ ብትንቀሳቀስ ይለቅህ ነበር» ለምንል ሁሉ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከዚህ የተለየ፣ ግን አንዳንዴ አብሮ የሚመጣ ሌላ ዝለትም አለ። ኦቲስቲክ አዋቂዎች ራሳቸው በተመራማሪነት የተሳተፉበትና በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ አቅምን ያላገናዘበ ሸክምና ሌላውን ለመምሰል ለዓመታት የሚደረግ ትግል ሰውየውን ለወራት ይጥለዋል። ጉልበቱ ያልቃል፣ ትናንት ይችለው የነበረው ሥራ ዛሬ ያቅተዋል፣ ድምፅና ብርሃን መቋቋም ይሳነዋል።

ድካም ሁሉ ይህ ነው እያልን አይደለም። ወባ፣ የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ ችግር፣ ስኳር፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ የአንጀት ትል፣ ድባቴ፣ እነዚህ ሁሉ ያደክማሉ፤ ብዙዎቹም ይታከማሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ምርመራ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤት ለቤት ስትዞር ስለ ሕፃናት ብቻ አትንገሯት፤ ጓዳ ስለተኛው አዋቂም ንገሯት። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፣ ምርመራውን ግን አይተው። ቡናውንም በልክ፤ ቡና የድካሙን ስሜት ለጥቂት ሰዓት ይሸፍናል እንጂ ያለቀ ጉልበት አይመልስም። (ቡና አብቃይ አገር ቁጭ ብሎ ይህን መጻፍ ድፍረት መሆኑ አይጠፋኝም።)

አገራችን ስለ ኦቲዝም ጮክ ብላ መናገር የጀመረችው በአንዲት እናት ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ለልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ሲያጡ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ የጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ያኔ ሕፃናት የነበሩት ዛሬ ጎልማሶች ናቸው፤ ወሬያችን ግን አሁንም ስለ ልጆች ብቻ ነው። ኦቲዝም ከልጅነት ጋር ተሰናብቶ የሚሄድ ይመስል! ዘሚ ከዚህ ዓለም ከተለዩ ዓመታት አልፈዋል፤ አዋቂዎቹን የሚያስታውስ ድምፅ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ማሻ ላይ ቁጭ ብለን መጠበቅ የለብንም።

ሕጉ ከሞላ ጎደል አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን እንዲደግፍ ይላል። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ተስማሚ የሥራ ሁኔታ እንዲያመቻች ያስገድዳል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ደግሞ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የሐኪም ማስረጃ ካቀረበ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ያገኛል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ፣ የቀሩት 3 ወራት ያለ ክፍያ። በቴፒና በበበቃ የቡና እርሻዎች የምትሠሩ፣ ይህን እወቁ። እንሰት የምትፍቅ፣ ማር የሚቆርጥ፣ ለጎረቤቱ ደቦ የሚወጣ ሰው ግን የሕመም ፈቃድ የሚጠይቀው ማንን ነው? የእሱ ሕግ የዕድር ደንብ ነው።

እኛ የሸካ ሰዎች ደግሞ ልክ ማበጀት የምናውቅ ነን። ደናችን በ2012 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ የተመዘገበው አባቶች «ከዚህ አይታለፍ፣ ይህ አይቆረጥ» ብለው በጋራ ስለወሰኑና ያም ወሰን ስለተከበረ ነው። ወሰኑን አንድ ሰው ለብቻው ቢያሰምረው በአንድ በጋ ይመነጠር ነበር። የደከመ ሰውም እንዲሁ ነው። «ዛሬ እስከዚህ ድረስ ነው አቅሜ» ብሎ ለራሱ ቢወስን፣ ጎረቤት፣ ዘመድና ዕድር ካላወቁለት ወሰኑ በመጀመሪያው ጡሩንባ ይፈርሳል።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይኸው ነው። በሕመም ምክንያት ለቅሶ ቤት መዋል የማይችል አባል ቅጣቱ ቀርቶ በሌላ ሥራ ይካካስለት። የዕድሩን ወንበርና ድስት ቆጥሮ ይረከብ፣ ያስረክብ፤ መዝገቡን ቤቱ ወስዶ ያስተካክል፤ ሽንኩርቱ ቤቱ ይላክለትና ልጦ ይመልስ። ኦቲዝም ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ዝርዝር አይስትም፤ የጠፋ ሳህን ፍለጋ በየቤቱ የሚዞር ዕድር ይህን ጉልበት ንቆት ኖሯል። ቀብር የዋለ አባል በሠልስቱ ቢቀር አይጠየቅ። ከአንቀጹ ሌላ ደግሞ፣ ድንኳኑ አጠገብ አንዲት ጸጥ ያለች ጎጆ ትለይ፤ ጫጫታው የከበደው ሰው ገብቶ ዐረፍ ይበልባት። ጥሩ እንቅልፍ ያጡ አረጋውያንም ይመርቋችኋል። ደቦ ላይም የግማሽ ቀን ሥራ እንደ ሥራ ይቆጠር። ቡና ላይም ቢሆን አቦል ጠጥቶ የተነሣን ሰው «በረካ ሳትጠጣ?» ብለን እጁን ይዘን አንጎትተው።

አንድ ዳኛ «ሁሉም ደከመኝ ቢልስ?» ብለው እንደሚነሡ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዕድር ግን አራስንና አቅመ ደካማ ሽማግሌን ከጥንት ጀምሮ ያሳልፋል፤ በዚህ የተነሣ የፈረሰ ዕድር አላየንም። ደግሞም አንቀጹ ሥራ ይለውጣል እንጂ ከሥራ አያስቀርም። ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብሎ ንፍሮ ከመቆርጠም ይልቅ ቤቱ ጆንያ ሽንኩርት መላጥ የሚመርጥ አጭበርባሪ ካለ፣ ደግ! ይላጥልን።

እናንተ የደከማችሁ፣ መቆም ካቃታችሁ ሰው ላኩ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ አንድ ወረቀት ላይ ፈርሙና ለጸሐፊው አድርሱ። እኛ ጎረቤቶች ደግሞ የሚቀጥለው ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ቅጣት ተነብቦ «ልዩ ልዩ ጉዳዮች» ሲባል እጃችንን እናውጣ። ጸሐፊው ብዕሩን ሲያነሣ እንዲህ ብለን እናስመዝግብ፦ «በሕመም ወይም በማይለቅ ድካም ምክንያት ለቅሶ ቤት መዋል ያልቻለ አባል አይቀጣም፤ በአቅሙ በሚመደብለት ሥራ ያካክሳል።» ከዚያ ድምፅ ይሰጥበት።