ጎማ የሌለው ሞተር

የነዳጅ ድጎማ ነገር በተነሣ ቁጥር ክርክሩ ስለ ታክሲና ስለ አውቶቡስ ነው። እኔ ግን ስለ ወፍጮ ልናገር።

የነዳጅ ዋጋ ማረጋጊያ ፈንድ በ1993 ዓ.ም. ሲቋቋም ዓላማው የዓለም ገበያ መናወጥ በቀጥታ ሸማቹ ላይ እንዳያርፍ ነበር። ፈንዱ ግን በዕዳ ተዘፈቀ። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ሲያነሣ፣ «የታለመ ድጎማ» ብሎ የደገፈው የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎችን ነው። በአዲስ አበባ በሊትር 36 ብር ከ87 ሳንቲም የነበረው ቤንዚን በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ።

ድጎማው ለዘለዓለም ይቀጥል አልልም። ርካሽ ነዳጅ ድንበር ተሻግሮ ሲቸበቸብ ኖሯል፤ ከድጎማውም ይበልጥ የተጠቀመው ባለመኪናው ነው። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ ጎማ የሌለው ሞተር በየትኛው መዝገብ ገባ? በመካነ ኢየሱስ ዙሪያ መብራት ባልደረሰባቸው የእስቴ ቀበሌዎች እህል የሚፈጨው በናፍጣ ወፍጮ ነው። ወፍጮ ተነድቶ ማደያ ላይ አይሰለፍም፤ ነዳጁ የሚመጣለት በጀሪካን ነው። በጀሪካን ለመቅዳት ደግሞ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃድ ያላገኘ ባለወፍጮ ወደ ጥቁር ገበያ ይሄዳል። ልዩነቱን በመጨረሻ የምትከፍለው ቁና እህል ተሸክማ የመጣችው እናት ናት።

ስለዚህ የወፍጮና የውኃ መሳቢያ ሞተሮች በየወረዳው ይመዝገቡ፤ ወርኃዊ ኮታቸውንም በመንግሥት ዋጋ ያግኙ። ለሚኒባስ በቴሌብር የተዘረጋ ሥርዓት ለወፍጮ የማይዘረጋበት ምክንያት አይታየኝም።