አላህ የፈቀደለትን እኛ አንከልክለው



ባለፈው ሳምንት ከዒሻእ በኋላ አብሮን የሚሮጥ አንድ ወንድማችን ሱናውን ሲሰግድ አየነው። ለተሸሁድ ሲቀመጥ ቀኝ እግሩን ማጠፍ አቅቶት ወደ ጎን ዘረጋው። ማንም ምንም አላለውም። በሽተኛ እንደ ችሎታው እንደሚሰግድ ከመድረሳ ጀምሮ ተምረነዋል፤ መቆም ያልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥም ያልቻለ ተጋድሞ ይሰግዳል። ወጥተን ጫማችንን ስናጠልቅ ግን ከመካከላችን አንዱ፣ «ለሩጫው ዝግጁ ነህ አይደል?» አለው። «ኢንሻአላህ» አለ። ሌላ ምን ይበል?

ሩጫው በሴሚስተር እረፍት ልንሮጠው የተነጋገርነው ነው። ከዳባት ተነስተን፣ ደባርቅን አልፈን፣ ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ገብተን ሳንቃበር ላይ እንጨርሳለን ብለናል። ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከማራቶኑ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ይረዝማል። መጨረሻው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ከፍ ይላል። ሽልማትም አዘጋጅም የለውም፤ ያለው የእኛ ቃል ብቻ ነው።

ወንድማችን ከሁላችንም የተሻለ ተዘጋጅቶ ነበር። ከሱብሒ በኋላ እኛ ወደ ብርድ ልብሳችን ስንመለስ እሱ ጫማውን ያስር ነበር። ከአምስት ሳምንት በፊት የቅልጥም አጥንቱን ያመው ጀመር። ሲመረመር አጥንቱ በድካም ብዛት መሰንጠቁ ተነገረውና ከሩጫ እንዲያርፍ ታዘዘ። ሁለት ሳምንት አረፈ። ሕመሙ ቀለል ሲለው ተመለሰ፤ ከዚያ ደግሞ ማነከስ ጀመረ።

እኛስ ምን አደረግን? በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ስሙን ከሯጮች ዝርዝር ውስጥ ተውነው። «አይዞህ፣ ጀግና!» ብለን ጻፍንለት። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ማንንም ከመውቀሱ በፊት እኛን ይወቅሳል። አላህ ፊት ሩኽሳ ያገኘ እግር እኛ ፊት ሩኽሳ አጣ።

አቋማችን ይህ ነው፦ ከጉዳት ያላገገመ ሰው ይሩጥ ወይስ ይቅር የሚለው ጥያቄ የእሱ ብቻ አይደለም። በዙሪያው ያለነው ሰዎች በውሳኔው ውስጥ እጃችን አለበት፤ ተጠያቂነቱም ይደርሰናል።

በሱነን አቡ ዳውድ የተዘገበ አንድ ታሪክ አለ። ሶሃቦች ጉዞ ላይ ሳሉ አንደኛውን ድንጋይ ይፈነክተዋል። ከዚያም ሌሊት ጀናባ ሆኖ ያድርና ገላውን በመታጠብ ፈንታ ተየሙም ማድረግ ይችል እንደሆነ ጓደኞቹን ይጠይቃል። ውሃ እያለልህ ሩኽሳ የለህም አሉት። ታጠበ፤ ሞተ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነገሩ ሲነገራቸው ተጠያቂ ያደረጉት ጓደኞቹን ነበር፤ ካላወቁ መጠየቅ እንደነበረባቸውም አስረድተዋል። ሙሐዲሶች በዘገባው ሰነድ ላይ ተነጋግረውበታል፤ ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው። እነዚያ ጓደኞች ክፉዎች አልነበሩም። ወንድማቸው በዲኑ እንዲጠነክር ነበር የፈለጉት። የጎደላቸው ፍቅር ሳይሆን ዕውቀት ነበር። በእኛና በእነሱ መካከል ልዩነት ካለ፣ እነሱ ስለ ግዴታ ጉሱል ሲናገሩ እኛ ማንም ስላላዘዘን ሩጫ መናገራችን ነው።

ምህንድስና የምንማር ሰዎች ይህን መሳት አልነበረብንም። ሽቦ ደጋግመን ስናጣጥፈው በአንድ ጊዜ ሊበጥሰው በማይችል ጉልበት ይበጠሳል። የሯጭ አጥንትም የሚሰነጠቀው እንደዚሁ ነው፤ በአንድ ትልቅ ምት ሳይሆን በሺዎች በሚቆጠሩ ትንንሽ ምቶች። ልዩነቱ ሽቦ ራሱን አይጠግንም፤ አጥንት ግን በአላህ ፈቃድ ይጠግናል፣ ጊዜ ከተሰጠው። ለእንዲህ ዓይነቱ ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈልጋል፤ እንደ ቦታው ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። ኮንክሪት በሰባተኛው ቀን በእጅ ሲነኩት ድንጋይ ነው፤ የታሰበለትን ጥንካሬ የምንለካው ግን በ28ኛው ቀን ነው። በሰባተኛው ቀን ሙሉ ጭነት የሚጭንበት መሐንዲስ ደፋር አይባልም። ሕመም መቅለሉ የሰባተኛው ቀን ኮንክሪት ነው።

እስቲ እናስላ። አንዱን እርምጃ አንድ ሜትር ብንል 50 ኪሎ ሜትር 50,000 እርምጃ ነው፤ በአንድ እግር 25,000። እያንዳንዱ ምት ከሰውነታችን ክብደት ይበልጣል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ይብሳል። «ዳይክሎፌናክ ውጬ እወጣዋለሁ» የሚልም አለ። ማስታገሻው ስሜቱን ያደነዝዛል እንጂ ስንጥቁን አይገጥምም። በረጅም ሩጫ ሰውነት ውሃ ሲያጥረው ደግሞ ዳይክሎፌናክም ኢቡፕሮፌንም ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ።

«አበበ ቢቂላስ?» የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን ሁለት ውድድር ነው። አበበ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ጥቂት ሳምንታት በኋላ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸነፈ፤ ሁለተኛውን ከአራት ደቂቃ በላይ ቀደመው። ሁላችንም የምናወራው ይህን ነው። በጥቅምት 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ ግን ያው አበበ በተጎዳ እግር ጀምሮ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋረጠ። ወኔው አልቀነሰም። ልዩነቱ የቶኪዮው ቁስል ሆዱ ላይ መሆኑና መዳኑ፣ የሜክሲኮው ጉዳት ደግሞ ሩጫው ራሱ የሚጭነው እግር ላይ መሆኑ ነው። በዚያው ቀን ማሞ ወልዴ አሸንፎ ኢትዮጵያ በማራቶን ሦስተኛውን ተከታታይ የኦሊምፒክ ወርቅ አገኘች። አበበ ሲወጣ ሩጫው አልቆመም፤ አበበነቱም አልተቀነሰም።

ቀነኒሳ በቀለንም እናስታውስ። ጉዳት ዓመታት ወስዶበታል፤ በ2015 እና በ2017 እ.ኤ.አ. የዱባይን ማራቶን አቋርጧል። በ2019 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ሲገባ ከወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን የራቀው በሁለት ሰከንድ ብቻ ነበር። አንድን ውድድር መተው ሩጫን መተው አይደለም።

ርቀን ሳንሄድ፣ ደባርቅ ላይ የጎብኚዎችን ጓዝ የሚጭኑ አባቶችን እንይ። ያነከሰች በቅሎ አይጭኑም። ገበያቸው ቢቀርም ያሳርፏታል፤ ምክንያቱም ተራራው መሃል ብትወድቅ ጓዙንም እሷንም የሚያወርድ የለም። ወንድማችንስ ከደባርቅ በላይ እግሩ ቢሰበር የሚወርደው በማን ትከሻ ነው? በቃሬዛ የምንሸከመው እኛው፣ አልያም መንገድ ላይ ያገኘነው ገበሬ ነው። የአንድ ሰው ግትርነት የብዙ ሰው ሸክም ይሆናል።

መሞከር ጥሩ አይደለም እያልን አይደለም። ጠንካራ ሙእሚን የተወደደ መሆኑን እናምናለን፤ ድካምና ሕመምም አንድ አይደሉም። ጡንቻ ዝሎ ከሆነ «አይዞህ» ማለት ይገባል። አንድ ቦታ ሲጫኑት የሚያም፣ ተኝተውም የማይተው፣ የሚያስነክስ ሕመም ሲሆን ግን መባል ያለበት «ሐኪሙ ምን አለህ?» ነው። በሕመም ምክንያት ያፈጠረ ጾመኛ ሲድን ቀዷውን ያወጣል፤ ረመዷን እንኳ «ሌሎች ቀናት» አሉት። ሳንቃበርም የትም አይሄድም።

ስለዚህ ሦስት ነገር ወስነናል። አንደኛ፣ ስሙን ከዝርዝሩ ላይ እኛው አንስተን፣ መልሶ የሚጽፈው ሐኪም ካየው በኋላ ራሱ እንዲሆን። ሁለተኛ፣ ሄዶ ሲመረመር ከእኛ አንዱ አብሮት እንዲሄድ፤ ብቻውን ከሄደ የሚነግረን የምንፈልገውን ነውና። ሦስተኛ፣ ካልሮጠ ደባርቅ ላይ ውሃና ቴምር ይዞ እንዲጠብቀን፣ የደከመውንም እንዲያስቀር። መንገዱን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ማን መቀጠል እንደሌለበት ለማየትም ከእሱ የተሻለ ዓይን አይኖረንም።

ትናንት ይህን ነገርነው። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና፣ «እናንተ ምን ትሉኛላችሁ ብዬ ነበር እኮ» አለ። ሌላ አልጨመረም። እኛም የምንመልሰው አልነበረንም።

ሰውነት አማና ነው። የወንድም ሰውነትም በአንደበታችን ላይ አማና ነው። አላህ ለወንድማችን ሙሉ ሺፋእ ይስጠው፤ ለእኛም ከማበረታታታችን በፊት የምንጠይቅበትን ልቦና ይስጠን። አሚን።