መንገዱ ሲሰፋ እግረኛው በየት ይለፍ?

ሰሞኑን በሰፈራችን አንድ ወሬ ይናፈሳል። ከዋናው የቦሌ ጎዳና ወደ እኛ የሚገባው የውስጥ ለውስጥ መንገድ ሊሰፋ ነው ይባላል። የሚመለከተው ክፍል በይፋ ያስታወቀው ነገር ገና የለም። ይሁን እንጂ ወሬ ነው ተብሎ ዝም የሚባል ጉዳይ አይደለም፤ ቀያሽ መጥቶ ችካል ከተከለ በኋላ የሚሰነዘር አስተያየት ሰሚ የለውምና። ስለሆነም ማኅበራችን አሳቡን ከወዲሁ ለነዋሪው ማካፈል ይገባዋል ብለን ይህን ጽፈናል።

መንገድ መስፋቱን የሚጠላ የለም። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከቤቱ የወጣ ሰው ቦሌ መድኃኔዓለም ሳይደርስ ቆሞ እንደሚቀር፣ ማታም ከመገናኛ ወደዚህ ለመምጣት ታክሲ ጥበቃ ብቻ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ የምናውቀው ነው። ጥያቄያችን ሌላ ነው። የሚጨመረው ስፋት ከማን ተወስዶ ለማን ይሰጣል?

ከመስቀል አደባባይ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ያለው አፍሪካ ጎዳና በ2003 ዓ.ም. ገደማ ተቆፍሮ ሲሰፋ የነበረውን ጊዜ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። አቧራውን በልተን፣ ጭቃውን ረግጠን፣ ሱቁ ደንበኛ ያጣው ነጋዴም ችሎ፣ ሲያልቅ መጨናነቁ አብሮ ያልቃል ብለን ጠበቅን። መንገዱ አማረ፤ መኪናው ግን ብዙም ሳይቆይ ሞላው። ከዚያ በፊት በ1990ዎቹ የተሠራውም ቀለበት መንገድ ለመኪናው ጥሩ ግልግል ሆኖ ሳለ ሰፈርን ከሰፈር ለሁለት ከፍሏል። ማዶ ያለውን ወፍጮ ቤት በዓይኑ እያየ ሊሻገር ያልቻለ ሰው፣ ደረጃው ርቆት መሐል አጥሩን ሲዘል ስንቴ አይተናል! መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም ከመገናኛ ወደ አያት በሚሄደው መስመር ላይ ያንኑ የመሻገር ችግር ይዞ ነው የመጣው።

ሰፊ መንገድ ለምን ቶሎ ይሞላል ቢባል ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። መንገድ ሲመች፣ መኪናውን ግቢው አቁሞ በአውቶቡስ ይሄድ የነበረው ሁሉ ይዞት ይወጣል። አሜሪካኖች ሂውስተን በሚባለው ከተማቸው አንዱን አውራ ጎዳና ከ20 በላይ መስመር አድርገው ሥራውን እ.ኤ.አ. በ2008 ጨርሰው ነበር፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ መጨናነቁ ተመልሶ መጣ። እነሱ ያን ሁሉ ገንዘብ አፍስሰው ያልሆነላቸው ለእኛ በምን ይሆናል? አንድ ሰው ብቻ የተቀመጠባት የቤት መኪና የምትይዘውን ቦታና 12 ሰው ጭኖ የሚሄደው ሚኒባስ የሚይዘውን አስተያዩት። አውቶቡሱንማ ተዉት። ከሁሉም በላይ ግን በዚህ ከተማ ብዙው ሰው የሚሄደው በእግሩ ነው፤ በመኪና አደጋም አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው ይኸው እግረኛ ነው።

ጥሩ የተሠራውን ጥሩ ማለት ተገቢ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት ከአራት ኪሎ ወደ ቦሌ፣ ከቦሌም ወደ መገናኛ በተሠሩት ጎዳናዎች ላይ ሰፊ የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመር አግኝተናል። ሽማግሌዎቻችን ማታ ማታ ወጥተው ሲንሸራሸሩ ማየት ደስ ይላል። እንግዲህ ለዋናው ጎዳና የተገባ ነገር ለውስጡ መንገድ ስለምን አይገባም? የምንፈራው ይህንኑ ነው። የውስጥ መንገድ ሲሰፋ ብዙ ጊዜ የሚቆረሰው ከእግረኛው በኩል ነው፤ ቦዩ ክፍቱን ይቀራል፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በመኪና መሐል ይሄዳሉ። ስለዚህ መንገዱ ይስፋ፤ ነገር ግን በሁለቱም ወገን ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያስኬድ የእግረኛ መንገድ ይኑረው፣ በትምህርት ቤቱና በገበያው ፊት ዜብራና ፍጥነት መቀነሻ ይሠራ። የደረጃ ድልድይ አንፈልግም፤ እናት ልጅ አዝላ፣ አዛውንት ከዘራ ይዞ የሚወጣው ነገር አይደለም።

አጥራቸው ወይም ሱቃቸው ሊነካ የሚችል ጎረቤቶቻችንም አሉ። ካሳ የሚለመን ሳይሆን በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 የተደነገገ መብት ነው፤ የይዞታ ሰነዳችሁን ከአሁኑ አዘጋጅታችሁ ያዙ። በሊስትሮና በጉልት የሚተዳደሩት ግን ሰነድ የላቸውም። ቦታ ይመደብላቸው ዘንድ ስማቸው ከማኅበሩ ማመልከቻ ጋር አብሮ እንዲሄድ ወስነናል።

አንዳንድ ነገር ደግሞ የማንንም በጀት አይጠይቅም። አሁን ባለው መንገድ ላይ የእግረኛውን ቦታ የያዘው ማን ሆነና! ቤት ሲሠራ አሸዋና ጠጠር ከበሩ ፊት አራግፎ ወር ሙሉ የሚተወው፣ መኪናውን ጎማው የእግረኛ መንገድ ላይ እስኪወጣ አስጠግቶ የሚያቆመው፣ ለመኪና ማቆሚያ ተብሎ የተሠራውን ምድር ቤት መጋዘን አድርጎ አከራይቶ የደንበኞቹን መኪና ወደ መንገድ የሚልከው፣ ሁሉም የዚሁ ሰፈር ሰው ነው። ታክሲዎቻችንም «ወራጅ አለ» በተባለ ቁጥር መሐል መንገድ ላይ ቀጥ ማለታቸውን ቢተዉ ጥሩ ነው። ወራጁም ቢሆን ከበሩ ፊት ካልወረደ የወረደ አይመስለውም።

የሰፈሩ ንድፍ ካርታ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት መግቢያ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። እያንዳንዱ ቤተሰብ እስከሚመጣው እሑድ ድረስ መጥቶ ልጆቹ የሚሻገሩበትን ቦታ በመስቀል ምልክት፣ ቦዩ የተከፈተበትን ደግሞ በክብ እንዲያመለክት እንጠይቃለን። ማመልከቻው ሰኞ ጠዋት ከካርታው ጋር ይገባል። መምጣት የማይችሉ አቅመ ደካሞች ካሉ ጎረቤት ያመልክትላቸው። እርሳሱ ጥበቃው ዘንድ ይገኛል።